የሜሮን የጨረር መለኪያ

እኔ ጠፈር ላይ የሚያስፈራው አየር ማጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌላም ጣጣ አለ! ጨረር። አይታይ፣ አይሸት፣ ዝም ብሎ ሰውነት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጠፈርተኞቹ ትንሽዬ መለኪያ ይዘው ይዞራሉ አሉ። ያገኛቸው ጨረር ከልኩ ካለፈ፣ በቃ፣ ሁለተኛ አትወጡም ይባላሉ።

ይሄን ከቴሌቪዥን ሰምቼ እህል በረንዳ ሳወራ፣ የሱቅ ጎረቤቴ እትዬ አመለወርቅ ምስር መመዘናቸውን ትተው ቀና አሉ። «ልጄም አላት እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ልጃቸው ሜሮን ሲኒማ ራስ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ታነሳለች። እዚያም ጨረር ስላለ ደረቷ ላይ የምትሰካው መለኪያ ሰጥተዋታል፤ በየጥቂት ወሩ ተሰብስቦ ይነበባል።

እሷ ሥራ ከጀመረች ወዲህ እትዬ እንቅልፍ የላቸውም። ያለቻቸው እሷው ብቻ ናት። ራጅ ክፍል መዋል መካን ያደርጋል ብሎ ማን እንደነገራቸው እንጃ። የልጅ ልጅ ሳላይ ልቅር ነው? ይላሉ። ውጤቱ ከፍ ካለ ከሥራው አስወጣታለሁ ብለው ምለዋል። ሜሮን ደግሞ ሥራዋን ስትወድ ለጉድ ነው።

ባለፈው ሰሞን ውጤቱ መጣ። ምንም! ጨረር የሚባል አልነካትም። እትዬ እልል አሉ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ለስላሳ ጋበዙ። እኔም ለስላሳዬን እየጠጣሁ ሜሮንን፣ ለመሆኑ የት ላይ ነው የምትሰኪው? አልኳት። አንገቷን ደፋች።

ለካስ መለኪያውን እትዬ ወስደውባታል! ፈርመሽ የተረከብሽውን ዕቃ በዚህ ሁሉ ግፊያ መሃል? ይመነትፉሻል ብለው ቡፌ ውስጥ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሚወጡት ብርጭቆዎች መሃል ቆልፈውበት፣ የሚሰበሰብበት ቀን ሲደርስ ብቻ አወጡላት። የየቤታችን ደንብ አይደል? ጥሩ ዕቃ አይነካም።

እትዬ ምንም አላፈሩም። «በስሟ የወጣ አይደል እንዴ? ሱቁ በስምህ ከሆነ ቤትህ ብትተኛስ ያንተ አይደለም?» ብለው አፋጠጡኝ።

ኧረ እትዬ፣ ይሄ እንደ ሱቅ አይደለም፤ የሚለካው አጠገቡ ያለውን ነው፤ ጠፈርተኞቹም ከላያቸው አይለዩትም አልኳቸው። ጨረር ያልነካው ቡፌውን ነው።

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ምነው ባልተናገርኩ አልኩ፣ አንጀቴን በሉት።

«እንዲያ ከሆነማ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚያ ውስጥ መቆለፍ የነበረብኝ ልጄን ነዋ!»