ክቡር ማብራሪያ በጎማ ጀልባ ላይ

በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ አንድ አስረጂ አይጠፋም። አምፖል ሲቃጠል ከመቀየሩ በፊት ለምን እንደተቃጠለ የሚነግራችሁን ሰው ማለቴ ነው። የእኛ ትምህርት ክፍል ያለው ግን የሁሉም አለቃ ነው። ፕሮፌሰር ናቸው፤ እሳቸው በሌሉበት ተማሪዎቹ “ክቡር ማብራሪያ” ይሏቸዋል።

እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ። ስለ ወንዝ የሚያስተምሩበትን ጽሑፍ በየዓመቱ እተይባለሁ። “ሻይዎ ቀዘቀዘ” ካልኳቸው “ነገሩ ሦስት ምክንያት አለው” ይላሉ። አንዴ ልጄን አተኩሷት ፈቃድ ብጠይቃቸው ትኩሳት ምን እንደሆነ ያስረዱኝ ጀመር፤ ሁለተኛው ምክንያት ላይ ስንደርስ ባሌ ሐኪም ቤት ወስዶ መልሷት ነበር።

ባለፈው ወር ተማሪዎቹን ለጀልባ ቀዘፋ ወደ ወንዝ ሲወስዱ፣ ስም የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ እኔም ሄድኩ። ጡት ያልጣለች ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ፣ “ለእራት እደርሳለሁ” ብዬ።

ወንዙ ዳር የጀልባው መሪ “በሉ እንሂድ!” ከማለቱ ክቡርነታቸው እጃቸውን አነሱ።

“እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የወደቀ ሰው ውሃው ውስጥ ለምን አይቆምም? ነገሩ ሦስት ምክንያት አለው።”

“ፕሮፍ፣ እርስዎ እስኪጨርሱ ወንዙ ይደርቃል እኮ!” አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅን። እኔም አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ። እሳቸው ግን ሦስቱንም ሳይጨርሱ አላሳፈሩንም።

ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ የሚወርድበት ቦታ ስንደርስ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተነሣች፤ እኔ ወደቅኩ። የለበስኩት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ብቅ ቢያደርገኝም ጀልባዋ ርቃኛለች። እናቴ ጭን ላይ ሆና በሩን የምታይ ልጄ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። እግሬ ድንጋይ ነካ። ልቆም ስል ያ የማይቸኩል ድምፅ መጣ።

“ጸሐፊያችን! ሰው ውሃ ውስጥ ለምን አይቆምም?”

በዚያ ሰዓት ጥያቄ! አፌ ግን ለምዶበታል፤ መለሰ።

“እግር... ድንጋይ መሃል ይቀረቀራል!”

“ጎበዝ! ታዲያ እግራችንን ምን እናደርገዋለን?”

“ወደ ፊት... እናነሳዋለን!”

እያልኩ አነሳሁት። በጀርባዬ ተንጋለልኩ፤ ውሃው ራሱ ተሸክሞ የረጋው ቦታ አደረሰኝ። መሪው ገመድ ወረወረልኝ። ሰደርያዬን ይዘው ጀልባዋ ላይ ያወጡኝ እጆች ግን የክቡርነታቸው ነበሩ። ዳር ስንወጣ የራሳቸውን ሰደርያ መፍታት አቅቷቸው ተማሪ ፈታላቸው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ትንፍሽ አላሉም። ጎማ ተነፈሰ፤ ምክንያት የለም። ሞተሩ ጋለ፤ ምክንያት የለም። ተማሪዎቹ “ፕሮፍን ምን ነካቸው?” እያሉ ይንሾካሾካሉ። እኔ ዕውቀታቸውን ሊያሳዩን የሚያስረዱ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፍርሃታቸውንም የሚያባብሉት በዚሁ ነው፤ የዛሬው ፍርሃት ግን በዛባቸው።

ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“ፕሮፌሰር፣ ውሃው ድንጋይ ላይ ሲወርድ ለምንድን ነው ነጭ የሚሆነው?”

መልሱ ገጽ ዐሥራ አራት ላይ ነው፤ ስንቴ ተይቤዋለሁ።

አዩኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ” አሉ። “ነገሩ ሦስት ምክንያት አለው።”

ቤቴ ደጃፍ ስንደርስ ሁለተኛው ላይ ነበርን። ሹፌሩን “አንዴ ቆይልኝ” ብዬ ወረድኩ፤ ልጄን ከእናቴ ተቀብዬ መስኮታቸው ሥር ቆምኩ። አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ እያጉረመረመ፣ ሦስተኛውን እስከ መጨረሻው ሰማን።