ዴቨን ማለት ምን ማለት ነው?

ፈረንጅ ስሙን ከነገራችሁ ጨረሰ። ቦብ ካለ ቦብ ነው፤ ምን ማለት ነው ብሎ የሚያደርቀው የለም። እኛ ዘንድ ግን ስም ገና የወሬው መግቢያ ነው። ተመስገን የተባለው ቤተሰቡ ከምን ተርፎ ነው? ማስረሻ የተባለውስ ማንን ሊያስረሳ መጣ? ይህ ሳይጣራ ሰላምታችን አይረጋም። ስምን መልአክ ያወጣዋል የምንል ሰዎች ስለሆንን፣ መልአኩ ምን አስቦ እንደነበር የማወቅ መብታችን የተጠበቀ ነው።

በዚሁ መብት ሰበብ ነው ብሩክሄቨን ሰፈር እነ ናሆም ቤት አራስ ልንጠይቅ የሄድን ቅዳሜ ጉድ የፈላው። ናሆም የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው። በአራት ዓመቱ አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ያደገ፣ እዚሁ የተማረ። ሚስቱ ሳሮን ከሆሳዕና የመጣችው በቅርቡ ነው፤ አባቷ ጋሽ ታደሰም የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከዚያው መጥተዋል። ገንፎው ቀርቦ ገና አንድ ሁለት እንዳልን፣ ጋሽ ታደሰ የሕፃኑን ስም ጠየቁ። ናሆም ዴቨን አላቸው። ምን ማለት ነው አሉ። አማችየው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ፣ “ላይክ፣ ሚኒንግ የለውም፤ ሳውንዱን ላይክ ስላደረግነው ነው” አላቸው።

ጋሽ ታደሰ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ምን ማለት እንደሆነ በማላውቀው ስም እጄን ጭኜ አልባርክም አሉ። ሕፃኑ ቤተ ክርስቲያን የሚባረከው በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነበር፤ ሰውየው ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው የመጡትም ለዚያው ነው። ሳሮን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እያለቀሰች እንደሆነ ሁላችንም አወቅን።

እንግዲህ እኔ ዝምታ ሲበዛ ያመኛል። አገር ቤት ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ስላስተማርኩ ምእመኑ የቋንቋ ሊቅ አድርጎኛል፤ እኔም አይደለሁም ብዬ አላውቅም። “ኧረ ትርጉም አለው ጋሼ!” አልኩ። “በጥንቱ እንግሊዝኛ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው።” ከየት አመጣሁት? ገንፎው ውስጥ ተጽፎ አላገኘሁትም። ብቻ አፌ ተከፈተና ወጣ። የጋሽ ታደሰ ፊት በራ፣ ሳሮን እንባዋን ጠረገች፣ ናሆም እንኳ “ሪሊ? ኩል!” አለ። ጋሽ ታደሰ ይህንኑ እሁድ መድረክ ላይ ወጥቼ ለጉባኤው እንዳብራራ አዘዙኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእኔ ቢጤ ነው።

ሰኞ ኖርክሮስ የምሠራበት መጋዘን፣ በምሳ ሰዓት ስልኬን አወጣሁና ፈለግሁ። ዴቨን ለካ የእንግሊዝ አውራጃ ነው! በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በሁለት ወገን ባሕር ያለው፣ በላምና በወፍራም ክሬም የታወቀ አውራጃ። ዴቨንሺርም ይሉታል። ባለቤቶቹ እንግሊዞች ሲጠሩት መጀመሪያውን ጫን ይላሉ፤ አሜሪካኖች ስም ሲያደርጉት ብዙዎቹ መጨረሻውን ይጎትቱታል። ሳሮን እንደ እንግሊዞቹ፣ ናሆም እንደ አሜሪካኖቹ ይጠሩታል፤ ሕፃኑ እስካሁን ለሁለቱም አይዞርም። ስሙ የመጣው በጥንት ዘመን እዚያ ይኖር ከነበረ ነገድ ነው ይላል ስልኬ። የነገዱ ስም ደግሞ አንዳንዶች እንደሚሉት የሸለቆ ነዋሪዎች ማለት ነው። ሌሎች ግን ያመልኩት ከነበረው ጣዖት የተወሰደ ነው ባይ ናቸው።

ጣዖት! አስቡት፣ በእኛ መድረክ ላይ!

በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጠራ። ጋሽ ታደሰ ናቸው። ትርጉሙን ሆሳዕና ላሉት እህታቸው ነግረዋቸው እልል ማለታቸውን ሊያበስሩኝ ነው። ረቡዕ ደግሞ ወንድማቸው ሰሙ። ዓርብ ሲደውሉ ስጦታ የሚለውን ጠበቅ አድርጌ እንድናገር መከሩኝ። እኔ ፈርቻለሁ። ስቶን ማውንቴን ቤቴ ደርሼ መኪናዬን ፓርክ ካደረግሁ በኋላ እንኳ ሳልወርድ ቁጭ እል ጀመር። የኋላውን ወንበር የያዙት ወጣቶች የፓስተሩን ጥቅስ ሳይቀር ጉግል የሚያደርጉ ናቸው። እነሱ ባይደርሱብኝስ? በሕፃን ምርቃት ላይ ልዋሽ ነው? እውነቱን ብናገርስ ሽማግሌው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ የአማችና የአማት ነገር ደግሞ አንዴ ከሻከረ ሻከረ ነው።

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ አገኘኋቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዋሽቻለሁ” አልኳቸው። አውራጃውን፣ ላሙን፣ ባሕሩን፣ ጣዖት የሚሉም እንዳሉ ሳይቀር ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቀና ብለው አላዩኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። ከዚያ ድንገት፣ ሁሉም ሾን ሾን ይልሃል፣ ለመሆኑ እናት አባትህ ማን ብለው አወጡልህ አሉኝ።

እውነት ለመናገር ስሜን ከጠራሁት ቆይቻለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ረዘመባቸውና ሾን አሉኝ፤ ሾንነቱ ተከትሎኝ ቤተ ክርስቲያን ገባ። “ሸዋንግዛው” አልኳቸው። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ቀጥሎ የፊት መከላከያው በፕላስተር የተያዘውን ኮሮላዬን አዩ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ።

የመዝሙሩ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። እነ ናሆም ሕፃኑን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ፤ ፕሮግራም መሪው የስሙን ትርጉም ወንድም ሾን ያብራራልናል አለ። ልነሳ ስል ጋሽ ታደሰ ቀደሙኝና ማይኩን ተቀበሉ። ዴቨን የእንግሊዞች አውራጃ ነው አሉ፤ ላም ያለበት፣ ባሕር ያለበት ደግ አገር ነው፤ እኛስ ልጆቻችንን በአውራጃ ስንጠራ ኖረን የለም ወይ? የእኔ የታደሰ እናት ሸዋዬ አልነበሩም ወይ? ጉባኤው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሁለት እጃቸውን ሕፃኑ ራስ ላይ ጭነው፣ ዴቨን እያሉ፣ በሆሳዕና ቃና፣ በሦስተኛ ዓይነት አጠራር እየጠሩት ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ሳሮን ዛሬም አለቀሰች፤ አሁንስ ፊቷን አላዞረችም።

እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሽ ታደሰ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ አጠገቤ ቆም አሉና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣

“ለመሆኑ ሸዋን ለማን አደራ ሰጥተህ ነው የመጣኸው?” አሉኝ።