በአማት ሣጥን የተቀመጠ ፈረስ

ሰው በጎረቤቱ ሀብት ይቀናል። በጎረቤቱ ሚስት የሚቀናም አለ፤ እግዜር ይይለት። እኔ የቀናሁት በጎረቤቴ ፍርሃት ነው። በፍርሃት ይቀናል እንዴ? ስሙኝና ፍረዱ።

ቆሰበር ከተማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ፣ ሙላት የሚባል ሰው ይኸንኑ ይሠራል። ካሜራው ከእኔ ካሜራ ያረጀ ነው፤ ደንበኛው ግን ይበዛል። ለምን? እንጃ። ጥርሱ ያምራል መሰለኝ።

ሙላት ፈሪ ነው። የቀረጸውን ሁሉ ሁለት ፍላሽ ላይ ይገለብጣል፤ አንዱን ሱቁ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ዳንግላ በሄደ ቁጥር አማቱ የልብስ ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላቸው ሥር ይከታል። ስንቱን አሳቅኩበት! እሱ ግን “ሳቅ ወንድሜ። ሱቅ ይቃጠላል፣ ሌባ ይገባል፤ አማት የትም አትሄድም” ይለኛል። የእኔዋ አማት እንኳን ዲስኬን እኔንም ደስ ብሏቸው አያስገቡም።

እሱን ለማብገን የቀረጽኩትን ሁሉ የሚያጠራቅም፣ አራት ዲስክ የሚጎርስ ሣጥን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። እንደ እድር ነው፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሦስቱ የሟቹን ሸክም ይከፋፈላሉ፣ ምንም አይጠፋም። ታዲያ ቅጂ ምን ያደርጋል? ደንበኛ በገባ ቁጥር መብራቶቹን አሳያለሁ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ሙላትም መጥቶ አየና “ያምራል። ቅጂውስ የት ነው?” አለኝ። ቀናብኝ አልኩ። ሰው የራሱን በሽታ ሌላው ላይ ቶሎ ያውቃል።

ከዚያ አንዱ መብራት ቀላ። ሣጥኑ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። “ምንድነው?” ሲሉኝ “እየሠራ ነው” እላለሁ። ቀዩ መብራት ከማዶ እንዳይታይ ፕላስተር ለጠፍኩበት።

ክረምት ላይ አያ ደምሴ መጡ። በልጃቸው ሰርግ ሙሽራውን አጅበው ሲጋልቡ የቀረጽኳቸው ሽማግሌ ናቸው።

“ልጄ፣ ዳማ ሞተ” አሉኝ። ዳማ ፈረሳቸው ነው። “የእኔም ጉልበት ከድቷል፤ ከእንግዲህ ሌላ ፈረስ አልጭንም። ሲሮጥ አንዴ አሳየኝ።”

ሣጥኑ ሲንቀራፈፍብኝ “ነገ ይምጡ አያ” ብዬ ሸኘኋቸውና የሞተውን ዲስክ በአዲስ ተካሁ። ሦስቱ የሟቹን ድርሻ ለአዲሱ ሊያስረክቡ ሲጣደፉ አንዱ መሐል ላይ ወደቀ። በአንድ ካርቶን የመጡ፣ እኩል የለፉ ናቸው፤ እኩል ቢያረጁ ምን ይገርማል? እድሩም ሁለት ቀብር አልቻለም። እስከዚያ ቀን የቀረጽኩት ሰርግ ሁሉ፣ ከነሙሽራው፣ ከነዳማ፣ ጠፋ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኔ አራት ዓይን አለኝ ብዬ አፈር ላይ ስንከባለል፣ አራቱም ለካ በአንድ ሽፋሽፍት ሥር ነበሩ።

በማግስቱ ነገርኳቸው። “ዳማ ሁለቴ ሞተ በለኛ” አሉ። ከዚያ በከዘራቸው ወደ ማዶ አመለከቱ፤ “ያ ልጅ በሙሽሪት ወገን ሲቀርጽ አልነበር?”

ነበር። በእኛ አገር የሙሽራው ወገን የሙሽሪትን ወገን ካሜራ አያምንም፤ ሁሉም የየራሱን ያመጣል። ያን ቀን ከሙላት ጋር በክርን ስንገፋፋ ነው የዋልነው። ይህን እኔም አልረሳሁትም፤ እሳቸው እንዲረሱት ግን ጸልዬ ነበር።

መንገዱን ተሻገርኩ። ከዚያ የሰፋ መንገድ አላየሁም። ሙላት ምነው በሳቀብኝ! “አይዞህ፤ የሱቁን ፍላሽ ዝናብ አበላሽቶታል፣ የአማቴ ግን አለ” ብሎኝ ዳንግላ ደወለ። አማቱ ፍላሹን በመሐረብ ቋጥረው በሚኒባስ ላኩት።

አያ ደምሴ ሱቄ ተቀምጠው አዩ። ዳማ ጭቃውን እየረጨ ብቅ ሲል ከወንበራቸው ተነሡ። “እሰይ! ድገመው።” ደገምኩት። “ድገመው።” እያነቡ ይስቃሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ምስሉ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ። የእኔ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዲስኩ የሞተው አፍሮልኝ ይሆን?

አሁን እኔም ቅጂ አስቀምጣለሁ። ሣጥኔ ባዶ ስለሆነ ለጊዜው ያለኝ አንድ ሥራ ነው፤ የዳማ ግልቢያ። ከፈረሱ ሆድ ሥር “ሙላት ቪዲዮ” የሚል ጽሑፍ አብሮ ይጋልባል። አንዱን ቅጂ ሱቄ፣ አንዱን አዘና ከተማ እህቴ ዘንድ አኖርኩ። ሦስተኛውን ይዤ አማቴ ዘንድ ሄድኩ።

“የማን ሥራ ነው?” አሉኝ።

“የሙላት” አልኳቸው።

ሣጥናቸውን ከፈቱልኝ።