ክቡር የገመድ ሚኒስትር

በዚህ አገር መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ዕቃ ግምጃ ቤት አለ፤ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ደግሞ አንድ ሰው ተቀምጧል። ያ ሰው ዕቃውን በሙሉ ከእናቱ ጓዳ ያመጣው ይመስለዋል። መዶሻ ብትጠይቀው ሴት ልጁን ለጋብቻ የጠየቅኸው ያህል ከእግርህ እስከ ራስህ ያይሃል። “ለምን ፈለግኸው?” ይልሃል። “የባለፈውን የት አደረስከው?” ይልሃል። ይህን ሰው የማያውቅ ተቀጥሮ የማያውቅ ብቻ ነው።

የአቃቂ ባቡር ጣቢያው አቶ ሳህሌ ግን ከነዚህ ሁሉ የባሱ ነበሩ። ሌሎቹ ሰው የሚያስመርሩት ዕቃ አላወጣም በማለት ነው። አቶ ሳህሌ ያወጣሉ። ችግሩ፣ የሚያወጡት አንተ የጠየቅኸውን ሳይሆን እሳቸው ላንተ የመረጡልህን ነው።

ይህን ከአሻግሬ አብልጦ የሚያውቅ አልነበረም። አሻግሬ ሥራው ገደል መውጣት ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ሀዲዱ ገደሉን ቆርጦ በሚያልፍበት ቦታ፣ ክረምቱ አለቱን እያላላ ድንጋይ በባቡሩ ላይ እንዳያወርድ፣ በገመድ ተንጠልጥለው የላላውን በድጅኖ እየፈነቀሉ የሚጥሉ ሰዎች ነበሩ፤ እሱ አለቃቸው ነው። ዐሥራ አንድ ክረምት ወጥቷል፣ ዐሥራ አንዱንም በደህና ወርዷል። በጣቢያው ሰፈር ሲያልፍ ከጥጥ ፋብሪካው የሚወጡ ሴቶች “ያውላችሁ ጦጣው!” ሲባባሉ ይሰማና ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ሚስቱ ዙፋን ይህን ስም አትወደውም፤ እሱ ግን በክርስትና ስሙ አይለውጠውም ነበር።

ታዲያ ይህ ጦጣ ገመድ ለመውሰድ ወደ አቶ ሳህሌ ደጃፍ ሲሄድ እንደ ማንም ነው የሚሆነው። መጀመሪያ የጭነት ሚዛኑ ላይ ይቆማል። “ባለፈው ዓመትም መዝነውኛል እኮ ጋሼ!” ቢል “ባለፈው ዓመት ዙፋንን አላገባሃትም ነበር፤ አሁን ደህና ትበላለህ” ይባላል። ቀጥሎ ጫማውን፣ ፈረስ እንደሚያስጫማ ሰው፣ እግሩን ከኋላ አንስተው ያያሉ። ከዚያ ገመዱ ይመጣል። አቶ ሳህሌ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው መሀል ያሳልፉታል፤ መሀል ላይ ቆም ብለው ያሸቱታል። እርጥበት ያደረበት ገመድ ሽታው ይለያል ይላሉ።

አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው የያዘ ገመድ በዚያው ቀን ጡረታ ይወጣል። የአቃቂ የልብስ ማስጫ ግማሹ የአቶ ሳህሌ ጡረተኛ ነው። ጡረታ ወጣ ብለው ግን አይለቁትም። በሰፈር ሲያልፉ በአጥር ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው “አስካለች፣ እሱ ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ እንዳታሰጪ! ልቡ ደክሟል!” ሲሉ የሰማ ሰው ስለ አጎታቸው የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

ለዚህ ነው ሠራተኛው “ክቡር የገመድ ሚኒስትር” የሚላቸው። ጎንበስ ብለው “ክቡር ሚኒስትር፣ ጉዳይ ነበረን” ይሏቸዋል። እሳቸውም ሳይስቁ፣ “ግቡ፤ ጫማችሁን እያሳያችሁ” ይላሉ።

አሻግሬን ከሁሉ በላይ የሚያበግነው አቶ ሳህሌ ከወንበር በላይ ወጥተው አለማወቃቸው ነበር። ከፍታ ይፈራሉ። የወንዙን ድልድይ ሲሻገሩ ዓይናቸውን ጨፍነው የሰው ክንድ ይይዛሉ።

“ጋሼ ሳህሌ፣ ገደል ሳይወጡ የገደል ዕቃ እንዴት ይመርጡልኛል?” ብሎ ጠየቃቸው አንድ ቀን።

“እኔ ለገደሉ አልመርጥም፤ የምመርጠው ላንተ ነው” አሉት። “አንተን ደግሞ ዐሥራ አንድ ዓመት አይቼሃለሁ።”

በዚያ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ሁለት አዲስ ነገር ወደ አቃቂ መጣ። አንደኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ ናይለን ገመድ ነው፤ አንድ ጥቅል ብቻ። እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ ከቃጫው ገመድ ግማሽ ያህል እንኳን አይከብድም። አሻግሬ ገና ሲያየው የማን እንደሆነ አወቀ። ለቡድኑ አለቃ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

አቶ ሳህሌ ግን ገመዱን ወር ሙሉ ፈተና አስቀመጡት። የባቡሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ማማ ላይ ሰው አስወጥተው አሳሰሩት፤ የአሸዋ ጆንያ እያንጠለጠሉ፣ ከፍ እያደረጉ ለቀቁት፤ አራሱት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ በድንጋይ ጥርስ ላይ ጎተቱት። ተሳፋሪው ባቡሩን ትቶ ጆንያ ሲዘል ያይ ጀመር። የጣቢያው ሹም አቶ አምባው ከቢሯቸው ወጥተው “ምን እየሆነ ነው?” ቢሉ “ፈተና ላይ ነው” ተባሉና ተመለሱ።

ሁለተኛው አዲስ ነገር ኩምሳ ነው። ኩምሳ ከአቃቂ ዳር ካሉት የገበሬ መንደሮች የመጣ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። በረባሶ ተጫምቶ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ መርፌው ዘጠና አራት ኪሎ ላይ ቆመ። በገመድ ተንጠልጥሎ አያውቅም።

“ትፈራለህ?” አሉት አቶ ሳህሌ።

“በጣም እፈራለሁ ጌታዬ።”

“ጎበዝ” አሉና መዝገባቸው ላይ ጻፉት።

ዕቃ የሚታደልበት ቀን ደረሰ። ቡድኑ ሁሉ ደጃፉ ላይ ተሰበሰበ። አቶ ሳህሌ በኩምሳ ጀመሩ። ለጫማ ሰፊ ነግረው በልኩ ያሰፉለትን፣ እግሩን ጭምቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ሶሉ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ቡትስ ሰጡት። ሰፊ የቆዳ መታጠቂያ ሰጡት፤ ተገልብጦ እንዳይሾልክ የትከሻ ማንገቻ ያለው ነው። የብረት ቆብ ሰጡት። በመጨረሻም ነጩን ገመድ አንስተው በዚያ ሰፊ ትከሻው ላይ አደረጉለት።

ለአሻግሬ ሁለት የቃጫ ገመድ አወጡለት፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጠን ያለ። ሁለቱም አሮጌ ናቸው።

“ጋሼ፣ ተሳስተዋል መሰለኝ” አለ አሻግሬ፤ ድምፁን ቀና ለማድረግ እየሞከረ። “ነጩ የኔ ነው።”

“አልተሳሳትኩም።”

“ለትናንት መጤ ሐር፣ ለኔ የግመል ማሰሪያ?” ከኋላው አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

“ኩምሳ ይወድቃል” አሉ አቶ ሳህሌ። ኩምሳ ክው አለ። “አትደንግጥ፤ ጀማሪ ሁሉ ይወድቃል። ነጩ ገመድ ይለጠጣል፤ አቅፎ ነው የሚይዝህ፣ ወገብህን አይሰብርህም። አንተ ግን አሻግሬ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ሆነህ አለት ትፈነቅላለህ። የሚለጠጥ ገመድ ላይ ሆነህ ድንጋይ ስትገፋ የምትሄደው አንተ ነህ እንጂ ድንጋዩ አይደለም። ላንተ ንቅንቅ የማይል ነው የሚያስፈልግህ።”

“እሺ፤ ሁለተኛው ገመድስ? ሁለት ገመድ ለፈሪ ነው የሚሰጠው!”

“ፈሪማ ፍርሃቱ ይጠብቀዋል” አሉ አቶ ሳህሌ ቀስ ብለው። “አንተን ማን ይጠብቅህ?”

አሻግሬ ሁለቱንም ገመድ ነጥቆ ወጣ። የዚያን ዕለት ምሳውን እንኳ አልበላም፤ ዙፋን ምን ሆነህ ነው ብትለው “ሚኒስትሩ ናቸው” ብቻ አላት።

በማግስቱ ጠዋት ገደሉ ሥር ደረሱ። አቶ ሳህሌም በእጅ በምትገፋ የሀዲድ ጋሪ አብረው መጡ። የክረምቱ የመጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ ይመጣሉ፤ መጥተው ግን ፊታቸውን ወደ ወንዙ፣ ጀርባቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ነው የሚቆሙት። ማየት አይችሉም።

አሻግሬ በጓሮ መንገድ ገደሉ አናት ላይ ወጣና ወፍራሙን ገመድ እዚያ ከተቀበረው የሀዲድ ብረት ጋር አሰረ። ቀጭኑን መሬት ጣለው። ኩምሳ ቆሞ ያየው ነበር። ጥቂት አሰበና የብረት ቆቡን አውልቆ ከተጣለው ገመድ አጠገብ አስቀመጠው።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለው አሻግሬ።

“እርስዎ የተዉትን እኔም መተው ይሻላል ብዬ ነው፤ እርስዎ ያውቁታል።”

አሻግሬ ቆቡን አየው። ከዚያ የኩምሳን ፊት አየ። ሰውየው ከልቡ ነው። አሻግሬ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ቀጭኑን ገመድ አነሳ፤ ከሌላ የሀዲድ ብረት ጋር፣ ራቅ አድርጎ አሰረው፤ የገደሉን ጠርዝ በሚነካበት ቦታም እንደ ወፍራሙ ሁሉ አቶ ሳህሌ የሰፉለትን የቆዳ መከለያ አለበሰው። ቆቡንም በገዛ እጁ ኩምሳ ራስ ላይ መለሰው።

ወረዱ። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ኩምሳ እርጥብ የድንጋይ ሽበት ላይ ረግጦ አመለጠው። “ዋቀዮ!” ብሎ አምላኩን የጠራበት ጩኸት ገደሉን ሞላው። ነጩ ገመድ ተለጠጠ፣ ተለጠጠና እንደ ሕፃን ወደ ላይ መልሶ አነሳው። ኩምሳ አየር ላይ እየተወዛወዘ በሕይወት መኖሩ ሲገባው ሳቁ መጣ። አሻግሬ እሱን ለማየት ዞር አለ። ዐሥራ አንድ ክረምት ሙሉ ከሚፈነቅለው ድንጋይ ላይ ዓይኑን አንስቶ አያውቅም ነበር።

ድንጋዩ ራሱ ሄደ። ከራሱ በላይ ሲያላላው የነበረው የበሬ ያህል አለት ተላቅቆ ወፍራሙን ገመድ ጠርዙ ላይ ከነቆዳው ከትክቶት አለፈ። አሻግሬ አንድ ክንድ ያህል ወረደና ቀጥ አለ። ቀጭኑ ገመድ ይዞታል። ከሥሩ አለቱ ሀዲዱ ላይ ሲያርፍ ምድሩ ተናወጠ። አቧራው ሁሉን ነገር ሸፈነ።

በአቧራው ውስጥ ከታች የአቶ ሳህሌ ድምፅ ተሰማ። አሁንም ፊታቸው ወደ ወንዙ ነው። መዞር አልቻሉም።

“ስንት ናችሁ?” አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር።

“ሙሉ ነን!” አለ አንዱ።

“ስም ጥሩልኝ!”

“ኩምሳ አለ ጌታዬ!”



“አሻግሬስ?”

“አለሁ፣ ጋሼ” አለ አሻግሬ። “በሁለተኛው ላይ ነኝ።”

አቶ ሳህሌ ሀዲዱ ላይ ቁጭ አሉ። ቁጭ ማለታቸውን አሻግሬ ከላይ ሆኖ አየ፤ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው መያዛቸውንም አየ። ይህን ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረም።

የሞጆው ባቡር ሊደርስ ሩብ ሰዓት አልቀረውም ነበር። ሁሉም ወርደው፣ ኩምሳ ያን ትከሻውን አለቱ ሥር አስገብቶ፣ ሌላው በድጅኖ እየደገፈ፣ አለቱን ከሀዲዱ ወደ ወንዙ ገለበጡት። ባቡሩ ሲያልፍ ተሳፋሪው በመስኮት እጁን አውለበለበላቸው። ምን እንደተደረገለት የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሻግሬ ወሬው ተለወጠ። ድሮ ጠጅ ቤት ሲገባ “እኔ…” ብሎ ነበር የሚጀምረው፤ አሁን “የኛ ሰውዬ…” ይላል። የአዋሽ ጣቢያ የገደል ሠራተኞች ስለ አዲስ ዕቃቸው ሲያወሩ ዝም ብሎ ይሰማቸውና “ጥሩ ነው፤ ማን መረጠላችሁ?” ይላቸዋል። መልስ አያገኝም። እንግዲያው ለመጎረር ሜዳው የሱ ነው። በሀዲዱ ሁሉ ላይ እንደ አቃቂው ሳህሌ ያለ ሰው የለም፤ ለጀማሪ የሚሆነውንና ለነባር የሚሆነውን ለይቶ፣ ሰውየውን ከገመዱ በፊት የሚመረምር ሰው አልተወለደም እያለ አንድ ሰዓት ይናገራል። በፊታቸው ግን “በጣም ነው የሚያዘገዩን” ይላቸዋል።

መስከረም ላይ የጣቢያው ሹም አቶ አምባው ሁለቱንም ቢሯቸው አስጠሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ደብዳቤ ተዘርግቷል።

“ለድሬዳዋ አለቆቻችን መልስ ልጽፍ ነው፤ እስኪ እርዱኝ” አሉ። “አሻግሬ፣ በመስመሩ ሁሉ ላሉት የገደል ሠራተኞች አለቃ ሁን ተባልክ፤ እምቢ አልክ።”

አቶ ሳህሌ ድንገት ዞረው አዩት። አሻግሬ ጣሪያውን አየ።

“አቶ ሳህሌ፣ እርስዎም የዋናው ዕቃ ግምጃ ቤት ሹም ይሁኑ ተባሉ፤ እርስዎም እምቢ አሉ።”

አሁን የዞረው አሻግሬ ነው፤ ጣሪያውን ያዩት አቶ ሳህሌ ናቸው።

“ምክንያታችሁን ጽፋችኋል” ብለው ቀጠሉ አቶ አምባው። “አሻግሬ ‘የድሬዳዋ ሙቀት ለባለቤቴ አይስማማትም’ ብሏል። ዙፋን ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች አይደለችም እንዴ? አቶ ሳህሌም ‘ሙቀት አይስማማኝም’ ብለዋል። በየዓመቱ ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት የሚቀመጡት እርስዎ አይደሉም?”

ውጭ አንድ ባቡር እንፋሎቱን ለቀቀ።

“እንግዲያው እውነቱን ልጻፋ” አሉ አቶ አምባው ብዕራቸውን አንስተው። “አንዱ ካንዱ መለየት አልቻሉም ብዬ…”

“ሙቀቱን ይጻፉ!” አሉ ሁለቱ ባንድ አፍ።

አቶ አምባው ሙቀቱን ጻፉ። አሻግሬ በፊት ለፊቱ በር፣ አቶ ሳህሌ በጓሮው በር ወጡ። ይሁንና ከቢሮው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነበርና፣ ሁለቱም ወንዙን፣ ፋብሪካውን፣ ሰማዩን እያዩ፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ፣ እስከ ደጃፉ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ።