የታይ ተራራ ሁለተኛ መንገደኛን ለመምረጥ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ወላይታ ሶዶ፣ የጸሐፊው ሳሎን
የተገኙ፦
1. ሽማግሌ ሚልክያስ፣ ሰብሳቢ፤ የወይዘሮ አስካለች ወንድም፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ
2. ወይዘሮ አስካለች፣ አያት
3. አቶ ብሩ፣ ጎረቤት፤ ሳይጠሩ የተገኙ
4. አቶ ደገፉ፣ የወይዘሮ አስካለች ባል፤ ጸሐፊ

ያልተገኘች፦ የልጅ ልጃችን ናዝራዊት፤ ቻይና ስለምትማር ይቅርታ ተደርጎላታል።

ከአምስት አራቱ በመቀመጣቸው ምልአተ ጉባኤው ሞላ፤ ሶፋውም ሞላ። ከቀኑ 8፡20 ተጀመረ።

ናዝራዊት በእረፍቷ ሁለት ሰው መጥቶ ቤተ መቅደሶች ያሉበትን፣ ታይ የተባለ ቅዱስ ተራራ እንዲጎበኝ ጋብዛለች። ልጅቷን ካዩ አራት ዓመት የሆናቸው ወይዘሮ አስካለች መሄዳቸው አላከራከረም። ያከራከረው ሁለተኛው ነው። ጸሐፊው ሻንጣቸውን ስላሰሩ ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ነበር።

አጀንዳ 1፤ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት። ሰብሳቢው የጣዖት ደጅ እንደማይረግጡ፣ ከውጭ ቆመው ማየት ግን እንደማይከፋ ገለጹ። አቶ ብሩ «እሰየው፣ ጫማ ጠባቂ አገኘን» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሰብሳቢው ከእጩነት ተሰረዙ።

አጀንዳ 2፤ ስለ ደረጃው። ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጋ የድንጋይ ደረጃ መኖሩ ተነበበ። ጸሐፊው የሶዶን ዳሞታ ተራራ ሳያርፉ እንደወጡ አስታወሱ። ወይዘሮ አስካለች ዓመተ ምሕረቱ ይመዝገብልኝ አሉ፤ የጸሐፊው እስክሪብቶ ለጊዜው እምቢ ብሏል። ወይዘሮዋ ቀጥለው «አንተ ሰውዬ፣ ስምህ ደገፉ፤ ትናንት ከአረካ ሚኒባስ ስትወርድ ግን የደገፉህ ሁለት ሰዎች ናቸው!» ሲሉ ማስረጃ አቀረቡ። ጸሐፊው ከተራራው ሥር እንዲቀሩ ተወሰነ። ከተራራው ሥር ማለት ሶዶ ማለት እንደሆነ ተብራራ።

አጀንዳ 3፤ ስለ ምግብ። በቤተ መቅደሱ ሥጋም ቅቤም እንደማይቀርብ ሲነገር ሰብሳቢው ከእጩነት በመሰረዛቸው ጌታን አመሰገኑ። አቶ ብሩ «ጾም ለኔ ምኔ ነው? አንድ ብልቃጥ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ካለ ጎመኑ ራሱ ሥጋ ነው» አሉ። ስለሆነም አቶ ብሩ ከወይዘሮ አስካለች ጋር እንዲሄዱ በሁለት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። ተቃዋሚው «የአምሳ አንድ ዓመት ሚስቴን ጎረቤት ቻይና የሚወስድበት ደንብ ይነበብልኝ» ብለዋል። ደንቡ አልተገኘም።

ልዩ ልዩ። ወይዘሮ አስካለች ድምፅ ያልሰጡበት ምክንያት ተጠየቁ። «እኔ የናፈቀችኝ ልጅቷ ናት፤ ድንጋይማ እዚህም ሞልቷል። እምቢ ብላት ይከፋታል ብዬ እንጂ» አሉ። ወዲያው ለልጅቷ ስልክ ተደውሎ ይኸው ተነገራት። ናዝራዊትም «እኔስ ቤቴ መምጣት ነበር ያማረኝ! ቻይናን ማየት ትፈልጋላችሁ ብዬ፣ እንዴት እመጣለሁ ልበላችሁ? እማማ፣ ልምጣ?» አለች። ጉባኤውን ከመጀመሪያው አንስቶ ሲመራ የቆየው ሰብሳቢው ሳይሆን ይሉኝታ መሆኑ ተረጋገጠ።

ውሳኔ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ትምጣ።

ወይዘሮ አስካለች ሰብሳቢውን ሳያስፈቅዱ አልጋ ሊያነጥፉላት ስለገቡ ስብሰባው 10፡05 ላይ ተበትኗል። ልጅቷ የምትሳፈረው ገና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።