ከምን ጋር ሲወዳደር?

የሰውን ደስታ ሚዛን ላይ ሳያወጣ የማያሳልፍ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። እኔ ነርስ በሆንኩበት በቬስተርቪክ ጤና ጣቢያ ይህን ሹመት የያዘችው ክብርት ጉንቮር ናት። በስዊድን ከንጉሡ በቀር አንቱ የሚባል የለም፤ ለእሷ ግን ማዕረግ ይገባታል። ሥራዋ አዲስ የሕክምና መሣሪያ ሲመጣ በእርግጥ ያድናል ወይ፣ ዋጋውንስ ያህል ይሠራል ወይ ብሎ መመርመር ነው።

ጣጣው ከሥራ ስትወጣም ሚዛኑን አለማስቀመጧ ነው። ጉልበቴ ተሻለኝ ስትሏት «ከምን ጋር ሲወዳደር?» ትላለች። የእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ሙሽራው እንደኔ ዕድለኛ የለም ሲል፣ ያንኑ ስታጉተመትም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለዘጠኝ ሰዓቱ ቡና የሄል ዳቦ ስናመጣ የዳቦ ቤቱን ስም ደብቃ ቁጥር ትለጥፍበታለች። አንድ ቀን ቁጥር ሁለትን እያሞገስን ቁጥር አንድን ስናጣጥል ቆየን። ለካስ ሁለቱም ከአንድ ምድጃ የወጡ ኖረዋል።

በዳቦው ስቄያለሁ። በሲክስተን እግር ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሲክስተን የሰማንያ አንድ ዓመት ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የእግሩ ቁስል አስራ አንድ ወር ሙሉ አልገጥም ብሎታል። ልጁ ደግሞ እስከ ግንቦት ካልዳንክ ጀልባዋን እሸጣታለሁ ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ የሚያየው እኔን ሳይሆን መስኮቱን ነበር፤ አንጀቴን በላው። እኔም የቁስል ፈሳሽ የሚመጥጥ አዲስ መሣሪያ ይገዛልን ብዬ ደጅ ጠናሁ።

ክብርት ጉንቮር መረመረች፣ አነበበች፣ ቆየች። በመጨረሻም በደንብ ከታሰረ ፋሻ አይበልጥም ብላ ጻፈች። ደሜ ፈላ። ሰው እየተሰቃየ አንቺ ወረቀት ትመዝኛለሽ፣ ሁለተኛ አላናግርሽም ብዬ ማልኩ። አልተቆጣችም፤ እንዴት እንደማስር ልይ አለች።

በሲክስተን እግር ላይ አሰርኩ። እያመመው እንዳይጮህ ሁልጊዜ ላላ አደርግለታለሁ፤ በዚህም ርኅሩኅ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። ጎንበስ ብላ መጀመሪያ ሁለት ጣቷን፣ ከዚያ መዳፏን በሙሉ ፋሻው ሥር አስገባች። እንዲህ ያለውን ቁስል ግን ፋሻ የሚያድነው ጠብቆ እግሩን ሲጫነው ነው።

«መሣሪያው ይሻላል ያልሽው ከዚህ ጋር አወዳድረሽ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግሥቱ ፋሻ ማሰር የሚያስተምር ሰው አስመጣች፤ እኔም እንደ አዲስ ተማርኩ። በሳምንት ሁለቴ ቤቱ እየሄድኩ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩለት። ሲክስተን ሰደበኝ፣ እኔም ቻልኩት። ሚያዝያ ሳያልቅ ቁስሉ ገጠመ፤ ጀልባዋም ባሕር ገባች።

ክብርት ጉንቮር ያን ቀንም ቅጿን አልረሳችም። ከዜሮ እስከ መቶ የተሰመረ መስመር አለው፤ ታካሚው ዛሬ ጤናዬ እዚህ ነው ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ሲክስተን መቶው ላይ አሰመረ።

«በዚህ ዕድሜህ መቶ? ከምን ጋር ሲወዳደር?»

«ጀልባዬ ከመሸጧ ጋር» አላት።

እንዳለው ጻፈችና መነጽሯን አውልቃ ረጅም ጊዜ ጠረገች። እኔም ላላናግራት የማልኩትን መሐላ ረስቼ፣ ሲክስተን ካመጣው የእንጆሪ ኬክ ትልቁን ቆርጬ ሰጠኋት። በልታ ስትጨርስ ይጣፍጣል አለችኝ።

«ከምን ጋር ሲወዳደር?» አልኳት።

ሳህኗን ዘረጋችልኝ። «አሁን ዝም ብለሽ ድገሚኝ።»