ያጸዳኋቸው ኮከቦች

አንዳንድ ሰው ያልተጠየቀውን ካልሠራ የሠራ አይመስለውም። ሊጠይቃችሁ መጥቶ ምንጣፋችሁን የሚያቃና፣ ታክሲ ውስጥ ሳያውቃችሁ ከትከሻችሁ ላይ ክር የሚለቅም፣ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለውን ሰው አትጣሉትም፤ ክፋት የለበትማ። እኔን ግን ብትጣሉኝ ይገባኛል።

አራዳ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን የተማርኩት እዚያው፣ ሰው ሊያባዛ ከሚያመጣው ወረቀት ነው። የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የነርሶች መማሪያ፣ የንብ አያያዝ መመሪያ፣ ምን ያላነበብኩት አለ? እንግሊዝኛውንም ከመዝገበ ቃላት ጋር እየተጓተትኩ ደርሼበታለሁ። ጎረቤቶቼ ምሁሯ ይሉኛል። እየሳቁ ነው የሚሉኝ፤ ቢሆንም ይሉኛል።

በቀደም ትርንጎ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ መጣች። ኮምፒውተሯ አልከፈት ብሏት በእጇ የቀረው አንድ የታተመ ቅጂ ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት ፈታኞች ፊት ትቀርባለች፤ አባቷም ይህን ለማየት ከአዲ አርቃይ ተነሥተው ሊማሊሞን እየወጡ ነው። «እትዬ ሙሉ፣ አራት ኮፒ፣ እንዳለ» ብላኝ ልትዘጋጅ ሄደች። እንዳለ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ገጹን አንድ በአንድ ስካን ሳደርግ ከመሀል አንድ ሥዕል መጣ። ነጭ ገጽ ላይ የተበተነ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ያረጀ ማሽን የተፋው የሚመስል። ነጠብጣቡ የተከማቸበትን ቦታ ደግሞ በእስክሪብቶ ከብባዋለች። የኔ ደንበኞች ስሕተት የሚያሳዩኝ እንዲሁ ነው፤ እነሱ ይከብባሉ፣ እኔ አስተካክላለሁ። ምስኪን፣ በአፏ ለመናገር አፍራ ነው አልኩ። ፓስቲዬን በግራ እጄ፣ ማውሱን በቀኜ ይዤ በክቡ ውስጥ ያለውን ነጠብጣብ አንድም ሳላስቀር አጠፋሁላት። እጄ ከሞቀ በኋላ ከክቡ ውጭ ያለውንም፣ በመጨረሻ ክቡን ራሱን። ገጹ እንደ ጥምቀት ነጠላ ነጣ።

ጠርዤ ስጨርስ እንደ ልማዴ ማንበብ ጀመርኩ። ባላነብ ኖሮ እንዴት ያለ ሰላም ነበረኝ። ጽሑፉ የሚለው፣ ኮከብ የሚወለደው ጥቅጥቅ ባለ የአቧራ ደመና ተሸፍኖ ነው፤ ብቻውንም አይደለም፣ ከወንድም እኅቶቹ ጋር በአንድ ጎጆ። ዓይናችን አያየውም። ሙቀቱ ግን አቧራውን አልፎ ይወጣል፤ አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ሳታዩት እጃችሁን እንደሚያሞቀው። ኢንፍራሬድ የሚባለውን ይህን ጨረር በሚያይ መሣሪያ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አንሥተውታል። ትርንጎ ደግሞ ፀዳ በተከራየቻት ክፍል ተቀምጣ፣ ከዚያ ፎቶ ላይ ከዚህ በፊት ልብ ያልተባለ አንድ የጨቅላ ኮከቦች ጎጆ አግኝታለች። በሥዕሉ ላይ በክብ የተመለከቱት ጥቁር ነጥቦች እነሱ ናቸው፣ ይላል።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ የተለቀሙ ጨቅላዎች፣ እኔ አንድ ፓስቲ በልቼ ሳልጨርስ አለቁ።

ደወልኩላት። የሆነውን ነገርኳት። «ሁሉንም?» አለችኝ።

«አንድም አልቀረ» አልኩ። ድምፄ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት፤ ልማድ ነው።

ዓይኗ ቀልቶ በባጃጅ መጣች። ደግነቱ ዋናው ቅጂ አለ። ጥርዙን ሁሉ ፈትቼ ያችን ገጽ እንደገና ስካን አደረግሁ። በዚህኛው ዙር ዝንብ ቢያርፍበት እንኳ እሽ አልልም ነበር። አንዲት ነጥብ ሳልነካ አወጣሁ፣ ጠረዝኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። ገልጣ ሳታይ ይዛ ሮጠች፤ የታያት ፈተናው ብቻ ነው።

በማግስቱ እኔም መጨረሻውን ለማየት ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ከአባቷ ከአያ አዛናው አጠገብ፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። ትርንጎ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፤ አያ አዛናው አንድ ቃል ሳይሰሙ በየመሀሉ «ሸጋ» ይላሉ። ከዚያ አንዱ ፈታኝ ያችን ገጽ ገልጦ፣ ከክቡ ውጭ ብቻውን ያለውን፣ ከሁሉም የሚተልቀውን ነገር በጣቱ አሳያት። ይህ ምን ዓይነት ኮከብ ነው፣ በጽሑፍሽ አልጠቀስሽውም አላት።

ትርንጎ አፍጥጣ አየችው። ቀጥላ እኔን አየች። እኔ ግራ እጄን አየሁ። የፓስቲ ዘይት፣ ልክ በአውራ ጣቴ መጠን።

«እሱ ኮከብ አይደለም» አለች። «የተወለደው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው።»

ፈታኞቹ ሁሉ ሳቁ። ማለፏ ለኔ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው፤ እንዲያ ከልቡ የሳቀ ፈታኝ ሰው አይጥልም። አልጣሏትምም። አያ አዛናው ወደኔ ጠጋ ብለው «ምነው፣ ምን ብላ ነው ያሳቀቻቸው?» አሉኝ።

«አንደኛው ጨቅላ እዚሁ አራዳ ነው የተወለደው እያለች ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «እሰይ። የማን ነው?»

ነጠላዬን እጄ ላይ ሳብ አደረግሁና፣ የኔ ነው አልኳቸው።